ቼስኪ ክሩምሎቭ ደርሶ መልስ አይበቃትም

ውድ አዘጋጅ፦

ሰዎች የቼክ ሪፐብሊኳን ከተማ ቼስኪ ክሩምሎቭን ከዋና ከተማው ከፕራግ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ብቻ አይተዋት ሲመለሱ በጣም ያሳዝነኛል። የቭልታቫ ወንዝ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ይከብባታል። ስሟም «ጠማማ መስክ» ከሚል የድሮ ጀርመንኛ የመጣ ነው ይባላል። ወንዙ መሬቱን ስላጠረው ቤቶቹ ተጠጋግተው፣ መንገዶቹም ጠበው ቀሩ። ለእኔ ውበቷ ይሄ ነው። ከላይ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መሠረቱ የተጣለው ግንብ አለ፤ ድቦች የኖሩበት ጉድጓድ ሳይቀር! እ.ኤ.አ. በ1992 ዩኔስኮ መዘገባት። በ2002 ያው ወንዝ ሞልቶ ክፉኛ ጎዳት፤ ግን ታደሰች።

እባካችሁ፣ በጉዞ ዓምዳችሁ አንባቢውን «እዚያው እደሩ» በሉት። ማታ አውቶቡሶቹ ሲሄዱ የውሃው ድምፅ ይሰማል።

የዘወትር አንባቢያችሁ