የሞተር ቅኝት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሞተር ቅኝት ክበብ ዘንድሮ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል የተውጣጡ 14 አባላት ነበሩት። ቅኝት የምንለው ሞተሩ ረግቶ እንዲሠራ የሚገባለትን ነዳጅ በልኩ ማስተካከልን ነው። ሥራው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ሞተሮቹ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ቢሆኑም ድምፃቸው ክፍል ያስጨንቃል። በእጃችን ያሉት በስጦታ የተገኙ ሁለት በሬዲዮ የሚነዱ የውድድር መኪኖች ናቸው። ትልቋ የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ ስታክል 3.5 ሲሲ ሞተር አላት፤ ከዚህ በፊት የሠራች ናት። ትንሿ አንድ አሥረኛ የምታክል፣ ባለ 2.1 ሲሲ ሞተርና ከሳጥኗ ያልወጣች ነበረች።

እነዚህ ሞተሮች ቤንዚን አይጠጡም፤ ብልጭታ የሚረጭ ካንዴላም የላቸውም። ነዳጃቸው ሜታኖል ነው። ካንዴላቸው ፕላቲነም ያለበት ቀጭን የሽቦ ጥቅል የያዘ ሲሆን ለማስነሳት 1.5 ቮልት ይበቃዋል፤ አንድ ትልቅ አልካላይን የባትሪ ድንጋይ ማለት ነው። ሞተሩ እንደተነሳ ባትሪው ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ሜታኖል ከፕላቲነሙ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሙቀትና ከእያንዳንዱ ቃጠሎ የሚተርፈው ግለት ሽቦውን ሳያስጠፉ ያቆዩታል። የሞተር ሳይክል ባለ 12 ቮልት ባትሪ በቀጥታ የሰጠ ሰው ሽቦውን በቅጽበት ይበጥሰዋል።

የመኪኖቹ መመሪያ የሚጠይቀው ነዳጅ ከሜታኖልና ከዘይት ሌላ ናይትሮሜቴን ያለበት ነው፤ በብዛት ከ16 እስከ 30 በመቶ። ይህን አላገኘንም፤ በአውሮፕላን ሻንጣም ማምጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ያለ ናይትሮ ለመሥራት ወሰንን። በዓለም አቀፍ የሞዴል አውሮፕላን የፍጥነት ውድድር መደበኛ የሆነው ነዳጅም 80 እጅ ሜታኖልና 20 እጅ የጉሎ ዘይት ብቻ ነው። ሜታኖሉ በትምህርት ቤቱ በኩል ከላቦራቶሪ ኬሚካል አቅራቢ ተገዛ፤ የጉሎ ዘይቱ ጉዳይ ግን አንድ ወር ሙሉ አስተምሮናል።

ጉሎን ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም፤ ምጣድ የሚታሰስበት ነው። አባላቱ ከየቤታቸው ያመጡት ግን ፍሬው ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ ተፈልቶ የወጣ ዘይት ስለሆነ ውሃና ደቃቅ ነገር ቀርቶበታል። ፈተናው ቀላል ነው። በመስታወት ቱቦ አራት እጅ ሜታኖልና አንድ እጅ ዘይት ቀላቅሎ አንድ ቀን ማሳደር፤ እንደ ጠጅ ጠርቶ ከተገኘ ይሠራል፣ ከደፈረሰ ወይም ከታች ዝቃጭ ከያዘ አይሠራም። የቤቱ ዘይት ደፈረሰ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛው ጠራ። የኑግ ዘይትና የመኪና ሞተር ዘይትም ተሞክረው በደቂቃዎች ውስጥ ለብቻቸው ተለዩ። ምክንያቱ የኬሚስትሪ ክፍል ጉዳይ ነው፤ በጉሎ ዘይት ውስጥ ያለው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሃይድሮክሲል ቡድን ስላለው ከአልኮል ጋር ይስማማል፣ የሌሎቹ ዘይቶች አሲዶች ያ የላቸውም። እነዚህ ሞተሮች ለብቻው የሚገባ ዘይት የላቸውም። ፒስተኑን፣ ቢየላውንና ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ከነዳጁ ጋር የሚመጣው ዘይት ብቻ ነው፤ ዘይቱ ከነዳጁ ከተለየ ሞተሩ በደረቁ ይሮጣል።

ለአንድ ግማሽ ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 100 ሚሊ ሊትር የጉሎ ዘይት ለክተናል። ከወር ፍጆታ በላይ አንቀላቅልም፤ ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሐይቁም ቅርብ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችም እንዲያነቡት የምንፈልገው ነገር አለ። ሜታኖል ጥቂት ጉንጭ ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም፤ በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ስለዚህ የሚቀዳው መምህር ብቻ ነው፤ ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ ደጅ ላይ። የሚቀመጠው በተቆለፈ ሣጥን፣ በቀይ ጽሑፍ በተለጠፈ የብረት ጣሳ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ውሃ የሚመስል ነገር በውሃ ዕቃ ውስጥ ከተገኘ የሚጠማው ልጅ አይጠፋም። ነበልባሉም በፀሐይ ብርሃን አይታይም። ስለዚህ ሁልጊዜ አጠገባችን ባልዲ ሙሉ ውሃና እርጥብ ብርድ ልብስ ነበር፤ ሜታኖል ከውሃ ጋር ስለሚቀላቀል እንደ ቤንዚን ሳይሆን በውሃ ይጠፋል።

ነዳጁ ከተገኘ በኋላ ትልቋ ሞተር በመመሪያው ልክ ተቃኘች፤ መነሳቱን ተነሳች፣ ነገር ግን ጭሷ ነጭና ወፍራም፣ ድምፇ የታፈነ፣ ካንዴላዋ ርጥብ ሆኖ እየጠፋች አስቸገረች። ነዳጅ በዝቶባት ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፤ ነዳጁን የሚመጥነው የካርቡራቶሩ መርፌ ግን የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ሁለተኛው የናይትሮው አለመኖር ነው። አባላቱ በሰሌዳ ላይ አስልተውታል፤ 32 ግራም ሜታኖል ለመቃጠል 48 ግራም ኦክስጅን፣ ማለትም 207 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ለአንድ ግራም ነዳጅ 6.5 ግራም አየር ገደማ። ለናይትሮሜቴን ግን 1.7 ግራም ይበቃዋል፤ ኦክስጅኑን በከፊል ራሱ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለናይትሮ ነዳጅ የተከፈተ መርፌ ለእኛ ነዳጅ ከልክ በላይ የተከፈተ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ ወደ ማጥበቅ። ትልቋ በመጨረሻ የረጋችው መመሪያው መርፌው ሦስት ዙር ይከፈት በሚለው ቦታ ላይ በሁለት ዙር ከሩብ ነው። ይህ ቁጥር የእሷ ብቻ ነው፤ ለትንሿ ሞተር አልሠራም፣ ለሌላም አይሠራም።

ቀጭኑ አየር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የመጨመቅ ኃይልም ያደክማል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሥር የሚገቡት ቀጫጭን ቀለበቶች እንደ ጓርኒሲዮን ከማሸግ ሌላ በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ያለውን ክፍተት ይወስናሉ። ክፍተቱን የለካነው በስታኞ ነው፤ ለስላሳ የብየዳ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ጠርዝ አስገብቶ ሞተሩን በእጅ አንድ ጊዜ ማዞር፣ የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር መለካት። 0.65 ሚሊ ሜትር ነበር። ባለ 0.1 ሚሊ ሜትር ሁለት ቀለበቶች ወጥተው 0.45 ሲሆን ዝግታው ረጋ፣ አነሳሱም ቀለለ። ብዙ መቀነስ ግን አደጋ አለው፤ ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ የካንዴላው ሽቦ ተጨፍልቆ ይገኛል። ያ ምልክት ከታየ አንድ ቀለበት መመለስ ነው።

ስለ መርፌዎቹ። ካርቡራቶሩ ላይ ሦስት ነገር ይዞራል፤ አባላቱ የመጀመሪያውን የሩጫ መርፌ፣ ሁለተኛውን የዝግታ መርፌ ብለዋቸዋል፣ ሦስተኛው የሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ቪት ነው። ማጥበቅ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ማላላት ይጨምራል። አንድ ዙር እንደ ሰዓት ፊት በ12 ተከፍሎ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይዞርም፤ ሁለት ነገር ባንዴ አይነካም፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መኪናዋ አንድ ሁለት ጊዜ ሮጣ ትመለስና ውጤቱ በመዝገብ ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ ከሩጫ መርፌ ይጀምራል፤ ወደ ዝግታ መርፌ የሚሄደውም ነዳጅ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ። የክራርን ቅኝት የሚያውቅ ልጅ ይህን ወዲያው ይረዳል፤ አንዱ ጅማት ሲጠብቅ ሌላውም ይናጋል።

ሞተሩ ሳይሞቅ የተደረገ ቅኝት ሁሉ ከንቱ ነው። ከሞቀ በኋላ በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ቀጭን የጭስ መስመር ሁልጊዜ መታየት አለበት። ጭሱ ከጠፋና ድምፇ እየሰላ ሄዶ በድንገት ከዛለች ነዳጅ አንሷታል፤ ወዲያው ቆማ የሩጫ መርፌው ሁለት ሰዓት ይላላል። ነዳጅ መብዛት ኃይል ያጠፋል፣ ነዳጅ ማነስ ሞተር ያጠፋል። ስለዚህ የምንጀምረው ሁልጊዜ ከመብዛት በኩል ነው።

የዝግታ መርፌውን የምንፈትነው ቱቦ በመቆንጠጥ ነው። የሞቀችው ሞተር በሚኒሞ እየሠራች የነዳጁ ቱቦ ካርቡራቶሩ አጠገብ በጣት ይያዛል። ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ቆይታ፣ በመጨረሻ ዙሯ ጥቂት ከፍ ብሎ ከጠፋች ልክ ነው። ወዲያው ከጠፋች ነዳጅ አንሷታል፤ ከዚያ በላይ ከቆየችና ዙሯ ብዙ ከጨመረ በዝቶባታል። ሚኒሞው በመጨረሻ ይስተካከላል፤ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ፍሪሲዮኗ ሳይዝ እስክትረጋ።

ለሙቀት፣ በኮሮና ጊዜ የተረፈው የግንባር ቴርሞሜትር አይረዳም፤ የሰውነት ሙቀት ብቻ ነው የሚያነበው። ለሥራው የሚሆነው የኢንዱስትሪ ዓይነቱ ነው፤ እሱም ከሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም ላይ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ ወደ ካንዴላው ቀዳዳ አነጣጥሮ መለካት ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ የተለመደ ነው። መሣሪያው በሌለ ቀን አንድ ጠብታ ውሃ ቴስታታው ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ቶሎ ፈልታ ካልተነነች ሞተሩ ገና ነው። እዚህ ከተማ ግን ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አይዘንጋ። ሙቀት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ዳኛው ጭሱና ድምፁ ነው።

ከየካቲት እስከ መጋቢት ያሉት ሦስት ቅዳሜዎች በትልቋ ሞተር ላይ ያለ ውጤት አልፈዋል። ጋዝ ሲለቀቅ ዙሯ ቶሎ አይወርድም፤ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል። መርፌዎቹ ብዙ ጊዜ ዞሩ፣ ጠዋት የተስተካከለው እስከ ረፋድ ተበላሸ። ጥፋቱ የመርፌ አልነበረም። በቱቦው ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ ሲያልፍ የታየው ሰርባቶዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) አጠገብ ያለው የሲሊኮን ቱቦ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ስለነበረ ነው። ቱቦው ተቀይሮም ጉዳዩ ግማሽ ብቻ ተፈታ። ሞተሩ ተፈትቶ፣ የአየርና የጭስ መውጫዎቹ ተደፍነው፣ በውሃ ሳህን ውስጥ ተነክሮ በቱቦ ሲነፋ ከካርቡራቶሩ ሥር አረፋ ወጣ፤ የላስቲክ ቀለበቱ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቱቦ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የማርሚታው የግፊት ቱቦ፣ ከዚያ በኋላ መርፌ። በማርሚታው ቱቦ የሚመጣው የጭስ ግፊት ነው ነዳጁን ከሰርባቶዮ የሚገፋው፤ እሱ ከተነቀለ የትኛውም ቅኝት አይረጋም።

ትንሿን ሞተር ማለማመድ የተለየ ትዕግሥት ጠይቋል። ሲሊንደሯ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ክሮም የተቀባ ናስ ነው፤ ፒስተኗ አሉሚኒየም፣ ቀለበት የሌለው። ቀዝቃዛ ሆና ፒስተኗ ላይኛው ጫፍ ላይ ይነክሳል፤ በግድ የጎተተ ሰው የማስነሻውን ገመድ ይበጥሳል፣ ቢየላውንም ይጎዳል። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ ቴስታታው 60 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ናሱ ከፒስተኑ ይበልጥ ስለሚሰፋ ንክሻው ይለቃል። አምስት ሰርባቶዮ ነዳጅ በዝቶበት፣ ግን ቴስታታው በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ሙቀቱ 90 እንዲያልፍ ተደርጎ ተቃጠለ። ቀዝቃዛ ሆኖ በነዳጅ ብዛት ብቻ ማለማመድ የድሮ ልማድ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሲሊንደር ጉዳት ነው፣ ንክሻውን ያለጊዜው ይበላዋል። በየሰርባቶዮው መካከል ሞተሯ ፒስተኗ ታች ሆኖ ሙሉ በሙሉ ትቀዘቅዛለች።

የሰዓቱም ነገር አለ። በጥር ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና ከባድ ነው፤ በሚያዝያ ቀትር ሞቃትና ቀላል። በአንድ ቅዳሜ ውስጥ እንኳ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የሩጫ መርፌው አንድ ሰዓት (የዙሩን አንድ አሥራ ሁለተኛ) ያህል መጥበቅ ይፈልጋል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን መልሶ ማላላት ግድ ነው። ይህን የረሳ ቡድን የትናንቱን የቀትር ቅኝት ይዞ በቀዝቃዛ አየር ሲሮጥ ነዳጅ ያንሰዋል።

አቧራው ሌላ ጠላት ነው። የስፖንጅ ፊልትሮው በሞተር ሳይክል የፊልትሮ ዘይት ተነክሮ፣ ተጨምቆ ይገባል፤ ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ይታጠባል። ደረቅ ፊልትሮ አቧራ አይዝም፣ አንድ ቀን ብቻ እንኳ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል። ያጠብንበትን ነዳጅና የዘይት ጨርቅ በጣሳ ሰብስበን እናስወግዳለን እንጂ ወደ ቦይ አንደፋም፤ ቦዩ ወደ ጣና ነው የሚሄደው።

ለክረምቱ ሁለቱም ሞተሮች እንዲህ ተቀምጠዋል። ሰርባቶዮው ባዶ ሆኖ፣ ሞተሩ በቱቦው የቀረውን ነዳጅ እስኪጨርስ ተነስቶ ጠፍቷል፤ የቀረ ሜታኖል እርጥበት ስቦ ኩሽኔታውን ያዝገዋል። በካንዴላው ቀዳዳና በካርቡራቶሩ ጥቂት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ገብቶ በእጅ ዞሯል፤ ፒስተኖቹ ታች ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ተደፍነዋል። የጉሎ ዘይት በወራት ውስጥ እንደ ሙጫ ስለሚደርቅ በመስከረም ሣጥኑን የሚከፍት ቡድን ገመድ ከመንካቱ በፊት ጨርቁን ያውጣ፣ ቴስታታውን በፀጉር ማድረቂያ ያሙቅ፣ በቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ) በኩል በእጅ ቀስ ብሎ ያዙር። ማድረቂያው ከሣጥኑ ክዳን ሥር ነው፤ መዝገቡም አብሮ አለ።