ዘግይተውና ሞተው ስለደረሱ የአንድ ቀን ጫጩቶች

ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም
ደብረ ብርሃን

ለጫጩት አቅራቢ ድርጅታችሁ
ቢሾፍቱ

ጉዳዩ፡- ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ከእናንተ ጫጩት ስወስድ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ጊዜ ራሴ ቢሾፍቱ ድረስ መጥቼ ነበር ያመጣኋቸው። ያኔ የሞተብኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ዘንድሮ ግን «ምን አደከመሽ፣ እኛ እንልክልሻለን» አላችሁኝ። አምኜ 200 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉትን የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ጫጩቶች አዘዝኩ፤ ገንዘቡንም ሳላጎድል በባንክ ገቢ አደረግኩ።

ሐሙስ ነሐሴ 9 ጠዋት ደወላችሁ። «ዛሬ ተፈልፍለዋል፣ ከሰዓት ይጫናሉ፣ ማታ ትቀበያለሽ» ተባልኩ። ክፍሉን በላስቲክ ጋረድኩ፣ ጭድ አነጠፍኩ፣ አምፖሎቹን ሰቀልኩ። ሙቀቱ 33 ዲግሪ ሲገባልኝ መናኸሪያ ወጣሁ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተገትሬ ቆየሁ። የዚህን አገር የነሐሴ ብርድ እናንተ ቆላ ቀመስ ስለሆናችሁ አታውቁት ይሆናል። ስደውል «መንገድ ላይ ናቸው»። ዓርብ ጠዋትም «መንገድ ላይ ናቸው»። ከቢሾፍቱ እኛ ጋ ቢበዛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በእግራቸው ነው እንዴ የሚመጡት? ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስልካችሁ የውሃ ሽታ ሆነ።

ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አንድ የማላውቀው የሚኒባስ ረዳት ደወለልኝ። ስደርስ ሁለቱ ካርቶኖች ፖርቶ መጋላ ላይ ናቸው፤ በላያቸው የሽንኩርት ጆንያ ተጭኗል። የአንደኛው ክዳን በዝናብ ረጥቦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጁን አልፈርድበትም። ጫጩት መሆኑን የነገረው ሰው የለም።

እዚያው ካፌ በረንዳ ላይ ከፈትኩት። ካርቶኑ እንደምታውቁት አራት ክፍል ነው፣ በየክፍሉ 25። በረጠበው ጥግ ያሉት ለሙቀት ብለው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ከሥር ያሉት ታፍነው አልቀዋል። በሕይወት ያሉትም አይጮሁም። ጫጩት ዝም ሲል ያስፈራል። እግራቸው ደርቆ ቆዳው ተሸብሽቧል። ቤት ወስጄ ስኳር በበጠበጥኩበት ለብ ያለ ውሃ እያንዳንዱን አፉን እየነከርኩ አጠጣሁ። ምርቃቱን ጨምሮ ከ204ቱ 63ቱ ሞተው ነው የደረሱት። እስከ ሰኞ ሌላ 29 ሞተ።

ካርቶኑን ስገለብጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «8/12/16» ተጽፎ ነበር። 8ቱ ተሰርዞ 9 ሆኗል። ስለዚህ የተፈለፈሉት ረቡዕ ነው፤ እኔ እጅ የገቡት በሦስተኛው ቀን።

ይህን ለእናንተ ማስተማር ለቀባሪው አረዱት ነው፣ ግን ልበለው። ጫጩት ከቅርፊቱ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የቀረችው አስኳል ናት ስንቁ። እስከ 72 ሰዓት ገደማ ታቆየዋለች፤ ያውም ብርድና ዝናብ ካላገኘው። እናንተ ስንቁን እናንተው ግቢ አስጨረሳችሁት። አሜሪካ ያለችው እህቴ እንደነገረችኝ እዚያ ጫጩት በፖስታ ቤት ነው የሚላከው፣ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። በተፈለፈለ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖስታ ቤት ተሰጥቶ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ባለቤቱ እጅ መግባት አለበት። ሲደርስ ከፖስታ ቤቱ በጠዋት ደውለው «ጫጩቶችሽ እየጮሁ ነው፣ ነይ ውሰጂ» ይሏታል። እኔ ያን ያህል አልጠየቅኩም። «ዛሬ አልተጫኑም» የምትል አንዲት እውነት ትበቃኝ ነበር። ራሴ መጥቼ እወስዳቸው ነበር።

ሰኞ ስደውል ስልክ ያነሳው ሠራተኛችሁ «እህቴ፣ ጫጩት እኮ ነፍስ ነው፣ ይሞታል» አለኝ። ይሞታል፣ አዎ። 92 ግን በነፍስ አይሳበብም።

የምጠይቀው የሞቱት 92 እንዲተኩልኝ ወይም የእነሱ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ነው። ከተተኩ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። ማሬክስ የሚባለው የዶሮ በሽታ የክትባት ወረቀትም ከካርቶኑ ጋር አልመጣም፤ መከተባቸውን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ፣ ምክንያቱም የተፈለፈሉበት ቀን ካለፈ እኔ ላስከትብ ብልም አይጠቅምም። ለሌላ ደንበኛ ስትልኩ ደግሞ ጋቢና ወይም ወንበር ላይ አስጭኑ፣ ታርጋውንና የሹፌሩን ስልክ ንገሩት።

እስከ ጳጉሜን መግቢያ መልስ እጠብቃለሁ። የባንኩ ስሊፕ፣ የሞቱት ጫጩቶች ፎቶና የስልክ ጥሪዎቹ ዝርዝር እጄ ላይ አለ። ካርቶኑን አልጣልኩትም፤ ቀኑ የተሰረዘበትን ጎን ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከደብረ ብርሃን