ጨለማው የዋጠው ልጅ፦ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ልብ ወለድ ጽፏል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ተረት ተረቱ የት ደረሰ?» እያላችሁ ስትስቁብን ለከረማችሁ ባልደረቦቼ፦ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሷል።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰበሰብን፣ ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ለወላጆች በዓል ግጥም ቀረበ። ስለ ስብሰባው ይኸው ይብቃ።

ድርሰቱ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄድ ምናባዊ ታሪክ ነው። ባለታሪኮቹ እንደ ደራሲዎቹ ታዳጊዎች ሲሆኑ፣ ሲመሽ የሰፈር ስሞች ነፍስ ይዘራሉ፤ ሰባራ ባቡር ተነሥቶ ይሄዳል፣ እሪ በከንቱ ይጮኻል። መቼም በዘይቤ የተሰየመ ሰፈር እንደ አዲስ አበባ የሞላበት ከተማ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ ዘይቤ ማለት «እንደ አንበሳ» ካለ ተነጻጻሪ፣ «አንበሳ ነው» ካለ ተለዋጭ፣ «ነፋሱ አፏጨ» ካለ ሰውኛ ተብሎ አንድ ማርክ የሚያዝበት ነገር ነው። ልጆቹ ሲጽፉ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። በተለመደው ልብ ወለድ «ጨለማው ዋጠው» ቢባል አንባቢ ልጁ ከዓይን ተሰወረ ብሎ ያልፋል። ጨለማው ራሱ ነፍስ ባለው ታሪክ ውስጥ ግን «የእውነት ዋጠው እንዴ?» ብሎ ይቆማል። ቅኔ ሲፈታ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ እኛ ዘንድ ሰሙም አልቀልጥም አለ። ስለዚህ ሕግ አወጣን፦ የእውነት የሆነው በቀጥታ ይጻፍ፣ የመሰለው ብቻ «እንደ» ወይም «ይመስል» ይግባበት። «ዓይኑ እሳት ተፋ» አራት ጊዜ ተሰረዘች። ምዕራፍ ሁለት ላይ የምሩን እሳት የሚተፋ ገጸ ባሕርይ አለና!

መጋቢት ላይ ፒያሳ ሄድን፤ መኪና ስላልተፈቀደልን ግማሹን በታክሲ ግማሹን በእግር። ሰባራ ባቡር ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ካስመጣው፣ ኋላም ተሰብሮ ከቀረው የእንፋሎት ማሽን መሆኑን ነገርኳቸው። እሪ በከንቱ ላይ አንዱ ጮኾ ሞከረው፤ የሰማው የጥበቃ ሠራተኛ ተቆጣን።

በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረበት ስንደርስ አንዱ ልጅ «ጨለማው ዋጠው» የምትለዋን አንቀጹን አነበበ። ሌላው «ከዋጠውስ በኋላ? ሆዱ ውስጥ ምን አለ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን፣ አጥሩን እያየች፣ «ቤታችን አለ» አለች። ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «ከጎኑ ሽንኩርት የምንገዛበት ሱቅ። እናቴ ደጅ ላይ ቡና ትቆላለች፤ ጭሱ ግን መውጫ የለውም።»

ይቺ ልጅ አሁን ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው። እኔ ዘይቤውን ልመድብላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ምዕራፍ ሰባት የእሷ ነው።

ያልተሳካም አለ። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ለፈተና ብለው ከሚያዝያ ወዲህ ጠፉ፤ ምዕራፍ አምስት መሐል ላይ ድራጎን አንጠልጥለው ነው የሄዱት። የውድድር ደብዳቤም ቀኑ ካለፈ በኋላ ደረሰን። የስፖርት ክበቡ ማሊያ ሲቀየርለት ከልብ አጨብጭበናል፤ እኛ ግን ዓመቱን የገፋነው በአንድ ደስጣ ወረቀትና ከፈተና በተረፉ የመልስ ወረቀቶች ጀርባ ነው። የምንሰበሰብበት ክፍልም የኳስና የመረብ መጋዘን መሆኑን የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ያውቃል ብዬ እገምታለሁ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የኅትመት ቀርቶ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ፣ ታይፕ የሚያደርግልን አንድ ወላጅ፣ ሐሙስ ሐሙስ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ በሰማያዊ ክላሴር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል። ምዕራፍ ሰባት ላይ ያለው የሻይ ጠብታ የእኔ ነው፤ ልጆቹን አትውቀሱ።