የባዮሎጂ ክበብ፦ ስድስት ቆሮሶ እና አንድ ጥያቄ

ጥቅምት ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ውሃው ሲሞቅ የዓሣው ጂን ይቀየራል?» አለኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም። ጥያቄው የክበባችን የዓመቱ ሥራ ሆነ።

ከሐይቁ ዳር ከአንድ አጥማጅ ስድስት ትናንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣዎች በሕይወት አገኘን። ሦስት ሦስት አድርገን ሁለት የመስታወት ገንዳ ውስጥ አስገባናቸው። አንደኛው ገንዳ ላይ ሙቅ ውሃ የሞላንበት ሃይላንድ እያንሳፈፍን ውሃውን ቀስ በቀስ አሞቅን። ከዚያ ቆጠራ ነው። አንዷ ሰዓት ትይዛለች፣ ሌላው ተንበርክኮ ዓሣው የሚተነፍስበት የስንጥቡ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ይቆጥራል፣ ሦስተኛዋ ትጽፋለች። ሞቅ ያለው ገንዳ ሁሌም ይበልጣል። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ዓሣው ደግሞ ሰውነቱ ከውሃው ጋር ስለሚሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል።

ጥር ላይ የላብራቶሪው መስኮት ሳይዘጋ አደረ። መዝጋት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ስንገባ ዓሦቹ ገንዳው ሥር ተኝተዋል፣ ክንፋቸው እንኳ በግድ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንዲት ተማሪ አለቀሰች። ውሃው ሲሞቅ ግን መዋኘት ጀመሩ። የዚያን ቀን ቅቤና ዘይት በሁለት ብርጭቆ አድርገን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥን። ቅቤው ረጋ፣ ዘይቱ አልረጋም። የህዋስ ሽፋንም ከስብ የተሠራ ነው፤ ብርድ ሲመታው ሊረጋ ይቃጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ውሃው ከ30 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድበት ስቡን እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን በጉበቱ ውስጥ በርትቶ መሥራት ይጀምራል። ለልጁ ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ተገኘ። ጂኑ ያው ነው። የተቀየረው ሥራው ነው።

ሙቀት ሲበዛም እንደዚያው ነው። ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ማጣት ሲጀምሩ፣ እነሱን ደግፈው የሚያቆሙ ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ጂኖች ይነቃሉ። ነገሩ መጀመሪያ የታየው በዓሣ ሳይሆን በፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ የጣሊያኑ ፌሩቾ ሪቶሳ እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር ያሳተመው። የዝንቦቹን ማቆያ ሙቀት ሌላ ሰው ሳያስበው ከፍ አድርጎበት ነበር። ይህን የነገርኳቸው በመስኮቱ ጉዳይ ያዘኑ ጊዜ ነው። በአንታርክቲካ ባሕር ደግሞ ፕሮቲኖቹን ከሙቀት በዚህ መንገድ የመከላከል ችሎታ ያጣ ዓሣ አለ። እዚያ ውሃው ዘመኑን ሁሉ ዜሮ አካባቢ ስለሆነ ሳያስፈልገው ኖሯል። አሁን ባሕሩ ቢሞቅስ? ልጆቹ በዚህ ብዙ ተከራከሩ።

የሚኒ ሚዲያ ሰሌዳችን ላይ ሰው የበዛበት ጽሑፍ ግን የቆሮሶው ነው። ጫጩቱ ከእንቁላል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው 36 ዲግሪ ገደማ ከሆነ፣ በዘሯ ሴት መሆን የነበረባት ወንድ ልትሆን ትችላለች። የሴት ሆርሞን የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን በሙቀቱ ይዳከማል። ይህን እኛ አልሞከርንም፤ ጫጩቶቹን ማንገላታት አልፈለግንም።

ስድስቱንም ሰኔ ላይ ወደመጡበት ሐይቅ መለስናቸው። ለመጪው ዓመት ሁለት ቴርሞሜትር ያስፈልገናል፤ የዳሩን ውሃ ሙቀት ዓርብ ዓርብ ልንለካ ነው። ደብተሩን ልጆቹ ከወዲሁ አስምረውታል።