የጥንቱ እሳተ ገሞራ ለዛሬው ጭስ ማስተባበያ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «ምድር ድሮም በእሳተ ገሞራ ትሞቅ ነበር፤ ታዲያ ሰው ምን አጠፋ?» የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። ሐይቃችን በጥንት እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በተፈጠረ ገንዳ ውስጥ የተኛልን፣ ኮርቤቲ የተባለችው እሳተ ገሞራም በስተሰሜን የምትጎራበተን የሐዋሳ ነዋሪዎች ይህን አባባል በቀላሉ ብንቀበለው አያስገርምም። የአባባሉ መነሻ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም።

ከ252 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በዛሬዋ ሳይቤሪያ በፈነዳ ግዙፍ እሳተ ገሞራ በምድር ላይ የደረሰውን ጥፋት ያከፋው ከምድር ፈልቶ የፈሰሰው ላቫ ብቻ አልነበረም። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ ሲወጣ በመንገዱ ያገኘውን የድንጋይ ከሰል፣ የኖራ ድንጋይና የጨው ንብብር እያጋለ፣ ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረውን ካርቦን ወደ አየር ለቀቀው። በሐሩር ክልል የባሕሩ የላይኛው ውኃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቀ፤ ውኃው አሲዳማ ሆነ፤ ኦክስጅኑም ተመናመነ፤ በአብዛኛው ግምት ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ከ80 በመቶ በላይ ጠፉ።

የራሳችን ደጋ በዚህ ረገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የተነባበረው ባዛልታችን (ላቫ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጥቁር አለት) በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚወፍር ቢሆንም፣ ከሳይቤሪያው ጋር የሚነጻጸር እልቂት አላስከተለም። በመጠን ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ይሁንና የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አብልጠው የሚመረምሩት ቅልጥ አለቱ በምን ዓይነት አለት ውስጥ እንዳለፈና በምን ፍጥነት እንደወጣ ነው። እንዲያውም ባዛልት ውሎ አድሮ ካርቦንን መልሶ ይወስዳል፤ በዝናብ ውኃ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአለቱ ጋር ተዋህዶ በወንዝ ወደ ባሕር ይወርድና የኖራ ደለል ይሆናል። (ዓባይ በየክረምቱ ጠርጎ የሚወስደው አፈርም አብዛኛው ከዚሁ ባዛልት የተገኘ ነው።) ይህ ሥራ ግን መቶ ሺህ ዓመታትን ይጠይቃል።

ክርክሩ የሚወሰነውም በፍጥነት ነው። ከ56 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ምድር በ5 ዲግሪ ገደማ ስትሞቅ፣ ካርቦኑ የተለቀቀው በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ነበር፤ እኛ ግን በየዓመቱ ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለቃለን። የዛሬዎቹ እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ተደምረው የሚለቁት ከዚህ አንድ በመቶውን እንኳ አያህልም። ከምናቃጥለውም አንዱ ያው የሳይቤሪያው ቅልጥ አለት ያቃጠለውን ዓይነት ከሰል ነው።

ስለዚህ ጋዜጣው የጥንቱን የአየር ንብረት ታሪክ በሚያነሳበት ጊዜ ለውጡ የፈጀውን ዘመን ከዲግሪው ጎን እንዲጽፍልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ፣ ከሐዋሳ