በዚያ ሌሊት እጃችሁን ላዋሳችሁኝ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ አራስ ቤት ሆኜ ነው። ልጄ ዛሬ 12 ቀን ሆናት። አሁን በርታ ስላልኩ ምስጋናዬን ላድርስ።

እኔም ባለቤቴም መስማት የተሳነን ነን። ምጡ የመጣብኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሁሉም ማስክ አድርገዋል፤ ከንፈራቸው አይታይም። ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። በምጥ መሀል እንዴት ተደርጎ ይነበባል? በጣም ፈራሁ።

ባለቤቴ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ክብ ቪዲዮ ለቀቀ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። በዚህ ሰዓት ማን ያየዋል ብዬ ነበር። አያችሁት።

አዲስ አበባ ያለሽው የግሩፓችን እህት፣ መስማት የተሳናቸው ወላጆች ያሳደጉሽ፣ በቪዲዮ ገብተሽ እስኪነጋ አልወጣሽም። አዋላጇ ያለችውን ሁሉ በእጅሽ አየሁት። «ገና ነው፣ አትግፊ» ስትዪኝ ታገስኩ። የመርፌውን ስም ሳይቀር ሳድሱን ከሳብዑ በእንቅስቃሴ እየለየሽ በጣት ፊደል ጻፍሽልኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። እኔ ስክሪኑ ላይ አይሻለሁ፤ አንቺ እኔን አታዪኝም። እጄ ካልታየ ድምፅ የለኝም። የፅዳት ሠራተኛዋ እማማ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው እጄ ላይ ያዙልኝ። ክንዳቸው ሲዝል በሌላው እጃቸው ይቀይሩ ነበር እንጂ አላወረዱትም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። የምታውቋቸው ካላችሁ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ ብላለች በሉልኝ።

ዳታው ሊያልቅ ሲል ጥቅል የላካችሁልን፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የኮምቦልቻ ጓደኞቼ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደረሳችሁ። 2 ዓመት በስክሪን ብቻ የማውቃችሁ ሰዎች የገንፎ እህልና ቅቤ ይዛችሁ በር ላይ ሳያችሁ እንባዬ መጣ። አንዷ ዱአ አደረገችልኝ፣ አንዷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ፤ ሁሉም በእጅ።

ልጄ መወለዷን ስትሰሙ ግሩፑ በክብ ቪዲዮ ተሞላ። ሁላችሁም እጃችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ ታርገበግባላችሁ። የኛ እልልታ ይህ ነው። እናቴ ሰሚ ናት፤ የምልክት ቋንቋ ተምራ አታውቅም። ያንን ቪዲዮ ደጋግማ አየችው። ትናንት መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችና «ልጅሽ ርቧታል» አለችኝ፣ በምልክት። ከእናንተ ከአንዷ ቪዲዮ ነው የተማረችው። በ26 ዓመቴ እናቴ በቋንቋዬ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የልጄን የምልክት ስም፣ በእጅ የምንጠራበትን፣ እናንተ አውጡላት። ግራ ጉንጯ ስርጉድ ነው። ዛሬ ማታ ቪዲዮዋን ግሩፑ ላይ እለቅላችኋለሁ።