አሮጌ የስፌት መኪና በአልኮል አይወልወል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አሮጌ የስፌት መኪና ከተቀመጠበት ሲወጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው አልኮል የነካ ጨርቅ ነው። ስንት ዘመን የቆየ ወርቃማ ጌጥ በደቂቃዎች ፍትጊያ ሲጠፋ ማየት ያንገበግባል። በጥቁሮቹ የድሮ ሲንጀሮች ላይ ጌጡ የተለጠፈ ስስ ሥዕል ነው፤ የሚጠብቀውም ከላዩ የተቀባው ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ነው። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ያነሣዋል። እሱ ከሄደ ወርቁ ብርማ ይሆናል፣ ቀጥሎም ይላጣል። የብረት መወልወያ ክሬም ለኒኬልና ለክሮም ክፍሎች ብቻ ነው፤ እነሱም ተፈትተው ለብቻቸው ይወልወሉ።

ቀለሙን የሚያጸዳው ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ነው። በማይታይ ቦታ ሞክሮ፣ በጥጥ ቀብቶ፣ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሳይጫኑ መጥረግ፤ ጥጡ ንጹሕ እስኪሆን መደጋገም። ጥጡ ላይ ወርቅ ከታየ እዚያው ይቁም።

መዘውሩ አልዞር ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ዝገት ሳይሆን የደረቀ ዘይት ነው። የምግብ ዘይት የተጨመረበት መኪና ይብሳል፤ ዘይቱ አየር ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይይዛል። በየመገጣጠሚያው 2 ወይም 3 ጠብታ ነጭ ጋዝ፣ ከእሳት ርቆ፣ ቀለሙን ሳይነካ፤ አሳድሮ መዘውሩን ወዲያና ወዲህ ቀስ አድርጎ መነቅነቅ። በጉልበት ማዞር ክፍል ይሰብራል። ነጭ ጋዝ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም፤ ስለዚህ ተጠርጎ ሲያበቃ በየዘይት ቀዳዳው 1 ጠብታ ዘይት የግድ ነው። ቺንጋውን ግን ዘይት አይንካው፣ ይንሸራተታል።

ከዚያ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ መርፌውና እግሩ ወጥተው፣ የመርፌው ሰሌዳ ይፈታ። ካቻቢቴው የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ የሚገጥም ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ የስንጥቁን ጠርዝ ይበላዋል። ጨርቁን በሚገፉት ጥርሶች መካከል የተጠቀጠቀው ብናኝ ጥርሶቹን ከፍ እንዳይሉ ስለሚያግድ ጨርቁ ባለበት ይቆማል። በስቴኪኒ እየፈለፈሉ፣ በብሩሽ ማውጣት ነው፤ በአፍ መንፋት ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ብዙዎች የሚዘልሉት የቦቢን ቤቱን፣ ማለትም የታችኛው ክር ጥቅል የሚገባበትን ክፍል፣ ቀጭን ስፕሪንግ ነው። ከሥሩ አንዲት የክር ጭራ ብትቀር ስፕሪንጉ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ የታችኛው ክር ይላላል፣ ከስፌቱ በላይ በኩል ብቅ ይላል። ሰውም የላይኛውን ማጥበቂያ እያዞረ ይደክማል። የወፍራም ወረቀት ጥግ በስፕሪንጉ ሥር አሳልፎ መሳብ ይበቃል፤ የስፕሪንጉ ብሎን አይነካ።

መጨረሻ ላይ ክር ሳይገባ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሰፋ፤ ጨርቁ ያለ ዘይት ነጠብጣብ እስኪወጣ ድረስ።

አሮጌ የስፌት መኪና ከሚጠግኑ አንባቢዎቻችሁ